ብሩሹን ሲያይ ጆሮውን የሚያስተኛ ፈረስ

ብሩሹ ከአንገት ወደ ትከሻ ሲወርድ ፈረሱ ዝም ብሎ ቆሟል። ትከሻውን አልፎ ከክርኑ ኋላ ሲደርስ ማኘኩን ያቆማል። አፍንጫው ጠበብ ይላል፣ ከዓይኑ በላይ ያለው ቆዳ ይሸበሸባል፣ በብሩሹ በኩል ያለው ጆሮ ወደ ኋላ ይዞራል። ብሩሹ እዚያው ቦታ ላይ ደግሞ ሲመጣ ሁለቱም ጆሮዎች ማጅራቱ ላይ ይለጠፋሉ፣ ጭራው አንዴ ይወነጨፋል። በሦስተኛው አንገቱን አዙሮ ጥርሱን ያሳያል። ሰው "ይሄ ፈረስ ምን ሆነ?" የሚለው ያን ጊዜ ነው፤ ፈረሱ ግን መናገር ከጀመረ ቆይቷል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ይህ ፈረስ አልደበቀም። የተናገረው እንደ ክፉ ጠባይ ተቆጥሮበት በገመድ ጫፍ ይመለስለታል እንጂ። ትናንት ሲቦረሽ ዝም ይል የነበረ ፈረስ ዛሬ ከተቆጣ፣ ሌላ ምክንያት እስኪገኝ ድረስ አንድ ቦታ ያመዋል ብሎ መነሳት ይሻላል። በዚህ ግምት ብትሳሳቱ የምታጡት ጥቂት ቀን ነው። "ልማድ ነው" ብላችሁ ብትሳሳቱ ግን ሕመሙም ይከርማል፣ እርግጫውም ይጠነክራል።

መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ነው። ከውርንጭላነቱ አንስቶ ሆዱን ሲነኩት የማይወድ ፈረስ አለ፤ ቆዳው ስስ ነው ወይም በልጅነቱ በቅጡ አልተላመደም። ይህ አንድ ጉዳይ ነው። ባለፉት ሁለት ሦስት ሳምንታት የጀመረው ደግሞ ሌላ ነው፤ በእነዚያ ሳምንታት የተለወጠውን አንድ በአንድ መቁጠር ያስፈልጋል፦ መኖው፣ ኮርቻው፣ የሥራው ብዛት፣ የግጦሽ ሰዓቱ፣ አብሮት የሚውለው ፈረስ፣ የተሰጠው መድኃኒት፣ የሚቦርሸው ሰው፣ ብሩሹ ራሱ። ሦስተኛም ዓይነት አለ፤ ሕመሙ ድሮ ድኖ ትዝታው ብቻ የቀረበት። ሦስቱ ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፣ መፍትሔያቸው ግን አይገናኝም። የታመመውን በልምምድ አደክማለሁ ማለት ግፍ ነው፤ ትዝታ ያለበትን መድኃኒት ማጠጣትም ገንዘብ ማባከን ነው።

በብሩሽ ሳይሆን በመዳፍ

ብሩሹን አስቀምጡና አካሉን በባዶ እጅ አስሱት። ከበላ በኋላ፣ ሥራ ሳይሠራ፣ በሚያውቀው ቦታ ይሁን። እየበላ ግን አይሁን፤ ምግብ ላይ ያለ ፈረስ መጠነኛ ሕመምን ችሎ ያልፋል። በገመድ አሳጥራችሁም አትሰሩት፤ አንገቱን ማዞር ካልቻለ የሚነግራችሁን ግማሹን አፍናችሁበታል። ገመዱን የሚይዝ ሰው ካለ እናንተ ባላችሁበት ጎን ይቁም። ነገር ከከፋ የፈረሱን ራስ ወደ ራሱ ሲስበው የኋላ እግሮቹ ከሁለታችሁም ይርቃሉ። በተቃራኒው ጎን የቆመ ረዳት ግን ራሱን ሲስብ እርግጫውን ወደ እናንተ ያዞረዋል። ይህን የሚስቱ ልምድ ያላቸው ሰዎች ጭምር ናቸው።

ከአንገቱ መሃል ጀምሩ። መዳፋችሁን ዘርግታችሁ፣ ጠጉሩ በሚተኛበት አቅጣጫ፣ መጀመሪያ የእጃችሁን ክብደት ብቻ አሳርፉ። ከዚያ የተጨፈነ ዓይናችሁን ብትጫኑት የማያማችሁን ያህል፣ ቀጥሎ የደከመ ጡንቻ ስታሹ የምትጫኑትን ያህል ጨምሩ። ከአንገት ወደ ትከሻ፣ ጋማው ወደሚያልቅበት የትከሻ ጉብታ፣ ከዚያ ጀርባ፣ ወገብ፣ ታፋ። ተመልሳችሁ ደረት፣ ከክርን ኋላ ያለው የኮርቻ ማሰሪያ ቦታ፣ ጎድን፣ የሆድ ሥር፣ ሽንጥ። በየቦታው ሦስት ሰከንድ ያህል ቆዩ፤ ስትጫኑ የምታዩት እጃችሁን ሳይሆን ዓይኑንና ጆሮውን ይሁን። ግራውን ስትጨርሱ ቀኙን ድገሙ፤ አንድ ዙር ቢበዛ 10 ደቂቃ ነው።

ያያችሁትን በቁጥር ጻፉ። ምንም ካላለ ወይም ደስ ብሎት የላይ ከንፈሩን ካረዘመ 0። ማኘክ ካቆመ፣ ጆሮ ካዞረ፣ ከዓይኑ በላይ ከተሸበሸበ 1። ጡንቻውን ካጠነከረ፣ ቆዳውን ካንቀጠቀጠ ወይም ከእጃችሁ ከሸሸ 2። ጆሮውን ከለጠፈ፣ ጭራውን ከወነጨፈ፣ እግሩን ካነሳ 3። ከነከሰ ወይም ከረገጠ 4። መለኪያው ለሥራ እንዲመች የተበጀ ነው፤ ከላቦራቶሪ አልወጣም። ጥቅሙ የሚታየው ሲደጋገም ነው። በሁለት በሦስት ቀን ልዩነት ሦስት ጊዜ አስሳችሁ አንዱ ቦታ ሦስቴም 2 ወይም ከዚያ በላይ ካገኘ፣ እዚያ የሆነ ነገር አለ። አንድ ቀን ግራ ጎድን፣ ሌላ ቀን ቀኝ ታፋ፣ በሦስተኛው ቀን ምንም ከሆነ፣ ሥጋቱ ከቦታው ይልቅ ከሁኔታው ጋር መያያዙን አስቡ።

ስለ ቆዳ መንቀጥቀጥ አንድ ነገር። ፈረስ ከቆዳው ሥር ስስ የጡንቻ ሽፋን አለው፤ ዝንብ ስታርፍበት ጎኑን ብቻ ለይቶ የሚያራግፈው በዚህ ነው። ስለዚህ ጣት ሲነካው መጀመሪያ ቢንቀጠቀጥ ሕመም ነው ማለት አይደለም። ጤነኛው በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ንክኪ ይለምደዋል። የሚያመው አይለምደውም፣ እንዲያውም እየባሰበት ይሄዳል። ጀርባ ላይም ወጥመድ አለ፤ አንዳንዱ "ጀርባውን ልመርምር" ብሎ በእስክሪብቶ ክዳን ወይም በጥፍሩ አከርካሪው ዳር ይጭርና ፈረሱ ጀርባውን ሲያጎደጉድ "ይኸው ያመዋል" ይላል። በሹል ነገር ከተጫረ የማያጎደጉድ ጤነኛ ፈረስ የለም። በጣት ጫፍ ሥጋ፣ ከአከርካሪው 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ጎን ወጣ ብላችሁ፣ ቀስ እያላችሁ ውረዱ። ጡንቻው ከጣታችሁ ሥር እንደ እንጨት ከደረቀ ወይም ተወጥሮ ከተንቀጠቀጠ ያኔ ማስረጃ ነው።

ቆዳውን ገለጥ አድርጉ

የቆዳ ችግር ለማግኘት ቀላሉ ነው፤ ግን ጠጉር ስለሚሸፍነው ይታለፋል። መብራት ይዛችሁ ጠጉሩን እየከፈላችሁ እስከ ሥሩ እዩ፣ በጣታችሁም ቅርፊት ፈልጉ። ጣት ከዓይን ቀድሞ ያገኘዋል።

ዝናብ ሲደጋገም በጀርባና በታፋ ላይ የሚወጣውን ቅርፊት የሚያመጣው ደርማቶፊለስ የሚባል ባክቴሪያ ነው። ቅርፊቱ ሲነሳ ጠጉር ይዞ ይመጣል፤ የተነቀለው ጠጉር ትንሽ የቀለም ብሩሽ ይመስላል፣ ሥሩ ቀልቶ ይረጥባል። ደረቁን ቅርፊት በጠጣር ብሩሽ መፋቅ ቁስል መግፈፍ ስለሆነ ፈረሱ ቢረግጥ አይፈረድበትም። ክሎርሄክሲዲን የተባለ ጀርም ገዳይ ባለው ማጠቢያ አረፋ አልብሳችሁ 10 ደቂቃ አቆዩት፣ አለቅልቁት፣ አድርቁት፤ የለሰለሰው ቅርፊት ሳይጎተት ይወርዳል። ዝናብ በማይደርስበት ቦታ ካልቆመ ግን ማጠቡ ብቻ አይበቃም። ክብ ክብ ሆኖ ጠጉር የሚያረግፈው ጭርት ደግሞ ፈንገስ ነው፣ ወደ ሰውም ይተላለፋል። ጓንት ልበሱ፤ የዚያ ፈረስ ብሩሽ፣ ግላስ (ከኮርቻ ሥር የሚነጠፈው ጨርቅ) እና ማሰሪያ ለብቻው ይሁን። አንድ ብሩሽ ግቢውን ሁሉ ያዳርሰዋል።

ቅማል ጠጉር በሚረዝምበት ወቅት በጋማና በጭራ ሥር በዓይን ይታያል። እግሩ ላይ ረዥም ጠጉር ያለው ፈረስ መሬት እየደበደበ እግሩን የሚነክስ ከሆነ እዚያ የእከክ ነፍሳት መኖራቸውን ጠርጥሩ። ትንኝ የምታስቆጣው ፈረስ ልዩ ነው፤ መጀመሪያ ብሩሹን ወዶ ይደገፍበታል፣ ያሳክከዋልና። ቆዳው ከተላጠ በኋላ ያንኑ ብሩሽ ይጠላል። ባለቤቱ "ትናንት ይወደው ነበር" የሚለው ለዚህ ነው። ነጭ ጠጉርና ሮዝ ቆዳ ያለው አፍንጫና ፊት በፀሐይ ይቃጠላል። ነጭ ነጩ ቦታ ብቻ በብርቱ ከቆሰለ ግን ከተበላ ተክል ወይም ከጉበት ችግር ሊመጣ ስለሚችል ሐኪም ይየው። ላብ ደርቆ ጨው የሠራበት ቦታስ? በእርጥብ ስፖንጅ ይጸዳል፤ ደረቅ ጨው ላይ ብሩሽ መጎተት እንደ አሸዋ ወረቀት ነው።

ከክርን ኋላ፣ ጎድንና ሽንጥ

ቆዳው ንጹሕ ሆኖ ፈረሱ ከክርኑ ኋላና ጎድኑ ላይ 3 የሚያስጽፍ ከሆነ ሐኪሞች ቶሎ የሚያስቡት የጨጓራ ቁስለት ነው። ምክንያቱን ለመረዳት የፈረስን ጨጓራ ማወቅ ይበጃል። ለግዙፉ ገላው ትንሽ ነው፤ ከ8 እስከ 15 ሊትር ያህል ይይዛል። አሲዱን ቀንና ሌሊት ያመነጫል፣ ቢበላም ባይበላም። አሲዱን የሚያበርደው ምራቅ ደግሞ የሚመጣው ሲያኝክ ብቻ ነው። የጨጓራው የላይኛው ክፍል አሲድ የሚከላከል ልባስ የለውም። ቀኑን ሙሉ ለሚግጥ ፈረስ ይህ ችግር አይሆንም፤ ጨጓራው ውስጥ ያለው ሣር አሲዱን ከታች ይይዘዋል። ሁለት ጊዜ እህል በልቶ በመካከሉ አፉን ሳያንቀሳቅስ ለሚውል ፈረስ ግን አሲዱ ባዶ ጨጓራ ውስጥ ይተኛል። በሶምሶማና በግልቢያ ሆዱ ሲጨመቅ አሲዱ ሽቅብ ይረጫል፣ ያልተከለለውን ክፍል ይልጠዋል። በውድድር ልምምድ ላይ ባሉ ፈረሶች ቁስለቱ በብዛት የሚገኘው ለዚህ ነው።

አብረው የሚታዩትን ፈልጉ፦ እህሉን ጀምሮ መተው፣ ድርቆሹን መርጦ እህል መናቅ፣ መክሳት፣ ጠጉር ማደብዘዝ፣ የሆድ ማሰሪያው ሲጠብቅ መንከስ፣ ሥራ ላይ አልሄድም ማለት። አንዳቸውም ብቻቸውን አይበቁም። ከክርን ኋላ የሚያመው ሁሉ ጨጓራ አይደለም፤ የጎድን ምት፣ የደረት ጡንቻ፣ የቆነጠጠ ማሰሪያ እዚያው ቦታ ያማል። እጅ ብቻ አስሶ "ቁስለት ነው" የሚል ሰው እየገመተ ነው። ማረጋገጫው ሐኪሙ 3 ሜትር ያህል የሚረዝም ካሜራ ያለው ቱቦ በአፍንጫው አስገብቶ ሲያይ ነው፤ ለዚያም ፈረሱ ሐኪሙ በሚወስነው ሰዓት ልክ ጾሞ ይቀርባል።

ሕክምናው ብዙ ጊዜ የጨጓራ አሲድን የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል ነው፤ የተለመደው ዙር 28 ቀን ገደማ ይወስዳል። መጠኑን የሚወስነው ሐኪም ነው። የሰው ክኒን ፈጭቶ መስጠት ከንቱ ልፋት ነው፤ መድኃኒቱ ራሱ በአሲድ ስለሚበላሽ ለፈረስ የሚዘጋጀው ተለብሶ ወይም ከአሲድ እንዲጠበቅ ተደርጎ ነው። ለሕመም ማስታገሻ የሚሰጠው ፌኒልቡታዞን ሲበዛና ሲረዝም ጨጓራንም አንጀትንም ሊያቆስል ይችላል። ስለዚህ "ጀርባውን ያመዋል" ብሎ ያለ ሐኪም ማስታገሻ የሚሰጥ ሰው ሁለተኛ ሕመም ሊጨምርበት ይችላል።

መድኃኒቱ ያለ መኖ ለውጥ አይዘልቅም። ፈረስ በቀን ከክብደቱ 1.5 እስከ 2 በመቶ የሚሆን ሣር ወይም ድርቆሽ ይፈልጋል፤ ለ450 ኪሎ ፈረስ ከ7 እስከ 9 ኪሎ ደረቅ መኖ ማለት ነው። ሳያኝክ የሚቆይበት ጊዜ ከ6 ሰዓት አይለፍ፤ ሌሊቱን አትርሱ፣ ረጅሙ ጾም የሚያልፈው እዚያ ነው። ቀዳዳው ጠባብ የሆነ የድርቆሽ መረብ ያንኑ ድርቆሽ ለብዙ ሰዓት ያዳርሰዋል። በአንድ ምግብ የሚገባው ስታርች፣ ማለት የእህሉ ዱቄታም ክፍል፣ ለአንድ ኪሎ የፈረሱ ክብደት ከ1 ግራም፣ በቀን ከ2 ግራም ባይበልጥ ይመረጣል። ለዚያው ፈረስ በአንድ ጊዜ 450 ግራም ስታርች ማለት ሲሆን፣ ከገብስ ግማሽ ያህሉ ስታርች ስለሆነ ከ1 ኪሎ በታች ገብስ ይሆናል። ከሥራ በፊት በነበረው ግማሽ ሰዓት ግማሽ ኪሎ ገደማ ድርቆሽ ይብላ። "ሆዱ ባዶ ይሁን፣ ይቀለዋል" የሚለው ልማድ ለፈረስ አይሠራም።

ጀርባና ኮርቻ

ብሩሹ ጀርባ ላይ ሲደርስ ብቻ የሚያጎደጉድ ፈረስ ካለ ኮርቻውን ፍረዱ። ሥራ ጨርሶ ኮርቻው ሲወርድ የላቡን ቅርጽ እዩ፤ ሁሉ ረጥቦ በመሃሉ ደረቅ የቀረ እጅ የምታህል ቦታ እዚያ ጫና መብዛቱን ሊናገር ይችላል። በትከሻ ጉብታው ግራና ቀኝ የበቀለ ነጭ ጠጉር የቆየ ጫና ምስክር ነው። ኮርቻውን ያለ ግላስ ጫኑት፤ ሰው ተቀምጦበት በጉብታውና በኮርቻው መካከል ሁለት ሦስት ጣት ካልገባ አጥንቱን ይነካዋል። ፈረስ ሲከሳ፣ ሲወፍር፣ ጡንቻ ሲያወጣ ቅርጹ ይለወጣል፤ ባለፈው ዓመት የገጠመ ኮርቻ ዘንድሮ ላይገጥም ይችላል።

የኮርቻው ልክነት ከተረጋገጠም ጀርባው ይታመም ይሆናል። የአከርካሪው አጥንቶች ጫፎች ተቀራርበው የሚፋተጉባቸው ፈረሶች አሉ፤ ይህ በራጅ ነው የሚታየው። የኋላ እግሩን በስውር የሚያነክስ ፈረስም ጉዞውን ለማስተካከል ወገቡን ያደክመዋል፤ ብሩሽ ወገቡ ላይ ሲቆጣ ሕመሙ የተነሳው ከቋንጃው ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ሐኪሙ የመጣው ለጀርባ ሆኖ ሳለ ፈረሱን በሶምሶማ አስሩጡልኝ የሚለው። ለምለም ሣር ለወራት ያላየ ፈረስ ቫይታሚን ኢ ሊያንሰው ይችላል፤ ድርቆሽ ሲከርም ቫይታሚኑን ያጣል፣ እጥረቱም ጡንቻን ይጎዳል።

ባዝራ ከሆነች የቀን መቁጠሪያ ያዙ። ዑደቷ 21 ቀን ገደማ ነው፤ ድንጉላ የምትፈልግባቸው ቀናት ከ5 እስከ 7 ይሆናሉ። ሽንጧ ላይ የምታስጽፈው 3 በየሦስት ሳምንቱ መጥቶ የሚሄድ ከሆነ ዑደቷ ነው። ወሩን ሙሉ ካለ አይደለም። "ባዝራ ናት፣ ጠባይዋ ነው" ተብለው ሳይመረመሩ የሚከርሙ የጨጓራ ሕመምተኞች አሉ፤ እንደ ድንጉላ መሆን የጀመረች ባዝራ ደግሞ የእንቁላል ዕጢዋ መታየት አለበት።

ጥፋቱ የብሩሹ ወይም የእጁ ሲሆን

አንዳንዴ ፈረሱ ምንም አልሆነም። የብረት መፋቂያ ለብሩሽ ማጽጃ የተሠራ ነው፤ ገላው ላይ ሲውል ቆዳ ይጭራል። ቦታው የግራ እጅ ነው፤ ብሩሹን አራት አምስቴ ከጎተታችሁ በኋላ አንዴ እሱ ላይ ታሻላችሁ፣ አቧራውም እዚያ ይራገፋል። ያልተራገፈ ብሩሽ የተጠራቀመውን አሸዋ መልሶ ቆዳው ላይ ይፈጨዋል። ብሩሾቹን በሳምንት አንዴ ለብ ባለ ውሃና በቀላል ሳሙና እጠቡና ጠጉራቸውን ወደ ታች አድርጋችሁ አድርቁ፤ ወደ ላይ ከተደረገ ውሃው እንጨቱን ያበሰብሰዋል።

የጎማ መፋቂያ ሥጋ ባለበት ብቻ ነው፦ አንገት፣ ትከሻ፣ ጎድን፣ ታፋ። በክብ በክብ ይሽከረከራል። አጥንት በቆዳ ብቻ በተሸፈነበት ቦታ፣ ማለት በፊት፣ በዳሌ ጫፍ፣ በአከርካሪ፣ ከጉልበትና ከቋንጃ በታች፣ ለስላሳ ብሩሽ ወይም ጨርቅ ይበቃል። ጠጣሩ ብሩሽ ለደረቀ ጭቃ ነው፤ ጭቃው ካልደረቀ ደግሞ ጠብቁት፣ እርጥቡን ማሸት ወደ ቆዳው መግፋት ነው። ስስ ቆዳ ያላቸው ዝርያዎች፣ እንደ አረብና እንደ ቶሮብሬድ ያሉት፣ ወይም ጠጉሩ በመቁረጫ ያጠረ ፈረስ፣ ጠጣሩን ጨርሶ ላይፈልጉት ይችላሉ። ብርቱ ሰው ክብደቱን ብሩሹ ላይ ጥሎ ጎድን ሲያሽ ያለውን ጫና ፈረሱ ቢጠላው አይገርምም፤ እናንተም ጎድናችሁ ላይ ሞክሩት።

ደረቅ አየር ላይ ሌላ ችግር አለ፤ የኤሌክትሪክ ብልጭታ። የፕላስቲክ ብሩሽና ፈረሱ የሚለብሰው የናይሎን ልብስ ጠጉሩን በኤሌክትሪክ ይሞሉታል፣ ከዚያ ጣታችሁ ወይም ብሩሹ ሲነካው ይነዝረዋል። ልብሱ ሲገፈፍ ብቻ የሚዘል ፈረስ ካላችሁ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ። ብሩሹን በእርጥብ ጨርቅ አበስ አድርጉት፣ ወይም ውሃ ርጩበት፤ የተፈጥሮ ጠጉር ያለው ብሩሽም ይሻላል።

ሕመሙ ከሄደ በኋላ የሚቀረው

ፈረስ ያመመውን ቦታ አይረሳም። ቁስለቱ ድኖ፣ ኮርቻው ተቀይሮ፣ እጁ ብሩሽ ይዞ ወደ ክርኑ ሲሄድ ጆሮው አሁንም ይተኛል። የማለማመድ ተራው አሁን ነው፣ ከሐኪም በኋላ።

0 ከሚያስጽፈው ቦታ፣ በአብዛኛው ከትከሻው፣ በባዶ መዳፍ ጀምሩ። ሦስት ጊዜ ዳብሱ፣ ከዚያ ወደ ክፉው ቦታ አንድ መዳፍ ብቻ ቅረቡ። ጆሮው ሲዞር፣ 1 ላይ፣ ቁሙ። አትግፉ፣ አታንሱም። እጁ እንደቀለለ እዚያው ይቆይ። ፈረሱ ሲተነፍስ፣ ጆሮው ሲላላ ወይም ሲያኝክ ያኔ እጃችሁን አንሱና ግማሽ እርምጃ ራቁ፤ አምስት ሰከንድ ስጡት። የእጁ መነሳት ራሱ ሽልማት ነው፤ ስለዚህ የሚነሳበት ሰዓት ትምህርቱ ነው። ጥርሱን ሲያሳይ ካነሳችሁ ጥርስ ማሳየት እንደሚሠራ አስተማራችሁት። 3 ላይ እያለ ከተጫናችሁት ደግሞ እጃችሁ አሁንም ክፉ መሆኑን አረጋገጣችሁለት። ለዚህ ነው ሥራው ሁሉ 1 ላይ የሚሠራው። በስህተት 3 ከደረሳችሁ፣ የማያስጋ ከሆነ እጁን እንደቀለለ አቆዩ፣ እግሩን ሲያሳርፍ አንሱ፣ ቀጣዩን አንድ መዳፍ ወደ ኋላ መልሳችሁ ጀምሩ።

በቀን ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃል፤ ደህና ሳለ ማቆም ነው። መዳፉ ሦስት አራት ቀን ከ1 ሳያልፍ ከሰነበተ ለስላሳ ጨርቅ፣ ከዚያ ለስላሳ ብሩሽ፣ ከዚያ የጎማ መፋቂያ። ስትጨርሱ የትከሻ ጉብታውን በጣታችሁ እከኩለት። ፈረሶች እርስ በርሳቸው የሚተካከኩት እዚያ ነው፤ በ1993 የወጣ ጥናትም ያንን ቦታ ማከክ የልብ ምታቸውን እንደሚቀንስ ለክቶ አሳይቷል። በመዳፍ ጥፊ አንገቱን መምታት ግን ለእኛ "ጎበዝ" ማለት ነው እንጂ ለእሱ ምንም ማለት አይደለም።

ዱላስ? የተመታ ፈረስ ሕመሙን አይተውም፣ ማስጠንቀቂያውን ይተዋል። ጆሮ ማዞሩና ጭራ መወንጨፉ ይጠፋና ከ0 ወደ 4 በአንዴ ይዘላል። ከሁሉ የሚያስፈራው ፈረስ ይኼኛው ነው።

ሆዱን ስትቦርሹ ከትከሻው አጠገብ ተጠግታችሁ፣ ፊታችሁን ወደ ኋላው አዙራችሁ፣ ነጻው እጃችሁ ጀርባው ላይ ይሁን፤ ከመርገጡ በፊት ጡንቻው ሲወጠር እጃችሁ ይሰማዋል። የፈረስ የኋላ እግር ወደ ፊት ተወርውሮ ሆዱ ሥር ያለን ሰው ያገኛል። ስለዚህ አትንበርከኩ፣ ራሳችሁንም ከሆዱ ሥር አታስገቡ። ስታስሩት በአንድ ስበት የሚፈታ ቋጠሮ ይሁን።

ሳይውል ሳያድር ሐኪም የሚጠራባቸው ምልክቶች አሉ፦ ሽንጡን እያየ መሬት የሚቆፍር ወይም የሚንከባለል፣ መኖ የተወ፣ ሙቀቱ ከ38.5 ዲግሪ ያለፈ፣ እረፍት ላይ ሆኖ ልቡ በደቂቃ ከ50 በላይ የሚመታ። ከሥራ በኋላ ታፋው እንደ ድንጋይ ደርቆ የሚያልበውና ሽንቱ የጠቆረው ፈረስ ደግሞ አይንቀሳቀስ፤ ማሸትም ማንሸራሸርም ያባብስበታል።

ቀሪው ቀጠሮ ይጠብቃል፤ ሐኪሙ ሲመጣ ግን ማስታወሻውን ስጡት። "ማክሰኞ፣ ግራ፣ ከክርን አንድ መዳፍ ኋላ፣ ባዶ እጅ፣ 3። ቀኝ፣ እዚያው፣ 1። ዓርብ፣ ግራ 3፣ ቀኝ 0። ሰኞ፣ ድርቆሽ ከበላ በኋላ፣ ግራ 2። ገብስ ከጨመርን 19 ቀን።" ይህን ያነበበ ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ገብሱ ነው፤ ቀጥሎ ኮርቻውን አምጡ ይላል፤ የግራውና የቀኙ ልዩነት ጎድኑን በእጁ እስኪፈትሽ አያስተኛውም።